የሳር ማሽንና የቤተሰብ ደኅንነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዛ አበሻ ሁሉ ቁልፍ በተረከበ በወሩ አንድ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ሳሩ። ፋሲካ ሲቃረብ ይነሳል፣ እስከ ኅዳር አይለቅም። አገር ቤት ሳር ስናጭድ በማጭድ ነው። የማጭድ ስለት ይታያል፣ የት እንዳለ እጃችን ያውቀዋል። እዚህ ግን ስለቱ ብረት ክዳን ስር ተደብቆ ነው የሚዞረው፣ ስለማይታይም ይረሳል። ከታች ያሉት ጓደኞቼ፣ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው፤ አንዳንዱን እኔም ጠይቄዋለሁ።

ሳር ማጨድ ነው እኮ፣ ይሄን ያህል ምን አደጋ አለው?

ብዙ አለው። የተለመደው የሚገፋ ማሽን ቢላዋ በደቂቃ 3,000 ጊዜ አካባቢ ይዞራል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ማለት ነው። ቢላዋው 21 ኢንች ከሆነ ጫፉ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። «የእኛማ ደንዟል፣ ሳሩንም በደንብ አይቆርጥ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እሰጋለሁ። በዚያ ፍጥነት የደነዘ ብረትም አጥንት ይሰብራል።

ጉዳቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ እጅ ወይም እግር ቢላዋው ጋ ሲደርስ ነው። ሌላው ቢላዋው መሬት ላይ ያገኘውን ድንጋይ፣ ሽቦ ወይም እንጨት አንስቶ ሲወረውረው ነው። ሁለተኛው ከማሽኑ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለውን፣ አጥር ዳር ቆሞ የሚያወራውን ሰው ሊያገኝ ይችላል።

ሳሩ ተወትፎ ማሽኑ ሲቆምብኝ በእጄ ባወጣው ምን ችግር አለው? ጠፍቷል እኮ

ከዚህ ገጽ አንዲት መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይችን አንብቡ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሳሩ እርጥብ ነው ወይም ረዝሟል። ሞተሩ ማቃሰት ይጀምራል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ከጎን ያለው የሳር መውጫ በአረንጓዴ ጭቃ ይደፈናል። ሰውየው አንድ ጥግ ነው የቀረው፣ ቡና ተፈልቶ እየተጠራ ነው፣ ቸኩሏል። እጀታውን ይለቅና ወዲያው ጎንበስ ብሎ እጁን ይሰዳል። ጣት የሚጠፋው በዚች ቅጽበት ነው።

ሞተሩ ጠፋ ማለት ቢላዋው ቆመ ማለት አይደለም፤ ትንሽ ይዞራል። ቢቆምም ነገሩ አላበቃም። በቤንዚን በሚሠራው ማሽን ቢላዋው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ዘንግ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ቢላዋውን በእጅ ማዞር ሞተሩን ማዞር ነው፣ የማስነሻ ገመዱን ከመሳብ አይለይም። ማሽኑ አሮጌ ሆኖ የማጥፊያው ሽቦ ከተበላሸ ሊነሳ ይችላል። ባይነሳ እንኳ ሞተሩ ውስጥ የታመቀው አየር ቢላዋውን መልሶ ሊያስፈነጥረው ይችላል፣ ለጣት ደግሞ ሩብ ዙር ይበቃል።

ስለዚህ እጀታውን ልቀቁ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከዚያ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉና ካንዴላው ጋ እንዳይደርስ ራቅ አድርጉት። የባትሪ ከሆነ ባትሪውን አውጡ፣ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ከሶኬቱ ንቀሉ። ያኔም ቢሆን በእንጨት እንጂ በእጅ አይደለም። እኔ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት የተሰበረ የመጥረጊያ እንጨት አለ፤ ጫፉ ከሳሩ ብዛት አረንጓዴ ሆኗል፣ ከዚህ ሥራ ሌላ አይነካም። ጓንት አድርጌያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ጓንት ይህን ቢላዋ አያቆመውም።

ከስር ለማጽዳት ማሽኑን ማጋደል ካስፈለገ ደግሞ የአየር ፊልትሮው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። አለዚያ ዘይቱና ቤንዚኑ ፊልትሮው ውስጥ ይገባና ማሽኑ በኋላ አልነሳም ይላችኋል።

እጀታው ላይ ያለውን ዘንግ ሁልጊዜ መያዝ እጅ ያደክማል። በገመድ ባስረውስ?

በፍጹም እንዳታስሩት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 1982 በኋላ የተሠራ የሚገፋ የሳር ማሽን ዘንጉ በተለቀቀ በ3 ሰከንድ ውስጥ ቢላዋው መቆም እንዳለበት የፌደራል ደንብ ያስገድዳል። ያ ቀጭን ዘንግ የተሠራው ለዚህ ነው። አንሸራቷችሁ ብትወድቁ፣ ልብ ቢደክማችሁ፣ ልጅ ድንገት ሮጦ ቢመጣ፣ እጃችሁ ሲለቅ ቢላዋው ይቆማል። በገመድ ከታሰረ ግን እናንተ ወድቃችሁም ይዞራል።

የመጀመሪያ ማሽኔን ከአንድ ሰው ግቢ በ40 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ ዘንጉን በሲባጎ አስሮታል፣ ሲባጎው ቆሽሾ ቆሽሾ የማሽኑ አካል መስሏል። እኔም እንዲህ ነው የሚሠራው ብዬ አንድ ወር ሙሉ አጨድኩበት። አንድ ቀን ዳገት ላይ እግሬ ሸርተት ሲል ማሽኑን ለቀቅኩት፤ እየጮኸ ብቻውን ቁልቁል ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ቢላዋው አሁንም እየዞረ ነው። እንዴት እንደማጠፋው አላውቅም ነበር፣ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሩቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

አሮጌ ማሽን ስትገዙ መጀመሪያ ይህን ዘንግ እዩ። አስነሱት፣ ልቀቁት፣ ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ቁጠሩ። በ3 ሰከንድ ካልቆመ አትግዙት። ከጎን ያለው የሳር መውጫ መከለያና የኋላው ላስቲክ መኖራቸውንም እዩ፤ ብዙ ሰው ይነቅላቸዋል፣ ድንጋይን ከእግራችሁ የሚመልሱት ግን እነሱ ናቸው።

ምን ልልበስ?

ሽፍን ጫማ፣ የማያንሸራትት ሶል ያለው። ሱሪ፣ ሙቀት ቢሆንም ረጅም። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ከ10 ዶላር በታች ይገኛል። ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚያጭድ ሰው ካያችሁ፣ ባታውቁትም እንኳ ንገሩት።

ከመጀመሬ በፊት ግቢውን ልዙር? ጊዜ የለኝም

አምስት ደቂቃ ነው። ዙሩ።

እኔ ያልዞርኩ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ነው፣ ልጄ በረንዳው ላይ ባለው የመስታወት በር በስተውስጥ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ፍርፍር ትበላለች፣ እኔ ውጭ አጭዳለሁ። ከማሽኑ ስር «ጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ለአንድ አፍታ ምንም የለም። ከዚያ የበሩ መስታወት ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነና እንደ ስኳር ፈሰሰ። ልጄን ምንም አልነካትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳህኗ ላይ ግን የመስታወት ፍርካሽ ነበረ። ድንጋዩን ፈልጌ አገኘሁት፤ ባቄላ ቢያክል ነው። ልጆቹ በዋዜማው ከአበባው መደብ አንስተው የተጫወቱበት ጠጠር ነው።

ስለዚህ ጠጠር፣ የልጆች መጫወቻ፣ የውሻ አጥንት፣ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ሽቦ ልቀሙ። የሳር መውጫው ወደ ቤት፣ ወደ መኪና ወይም ወደ መንገድ እንዳይዞር መንገዳችሁን አስቀድማችሁ አስቡ። ሰው ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ጠጠር የተነጠፈበት መንገድ ስታቋርጡ ቢላዋውን አቁማችሁ ግፉት።

በዚያው መሬቱን እዩ። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም መሬት ውስጥ የሚኖሩት ቢጫ ተርቦች ይበዛሉ። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ አውራ ጣት ቢገባባት ነው። የማሽኑ ንዝረት ያስቆጣቸዋል፣ ግር ብለው ይወጣሉ። ከሆነ ዘንጉን ልቀቁና ወደ ቤት ሩጡ፤ ማሽኑን ላንሳ አትበሉ። አጥር ስር ደግሞ በሦስት በሦስት ቅጠል የሚያድገውን ፖይዝን አይቪ እወቁት፣ ቆዳን ያቃጥላል። ከጨረሳችሁ በኋላ ልጆቹንም ራሳችሁንም ለመዥገር ፈትሹ።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ «እኔ ላጭድ» ይላል። ይችላል?

አንድ ዓመት ይጠብቅ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው ለሚገፋ ማሽን ቢያንስ 12 ዓመት፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው ለሚነዱት ቢያንስ 16 ዓመት ነው። 12 ሲሞላውም ቁመቱንና ጉልበቱን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተባለውን የሚሰማ መሆኑን እዩ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜ አጠገቡ ቁሙ፤ ስልካችሁን ኪስ አድርጋችሁ።

ከ6 ዓመት በታች ያሉት ግን ማሽኑ ሲሠራ ቤት ውስጥ ይሁኑ፣ ሌላ አዋቂ ይዟቸው። «በረንዳው ላይ ይቀመጡ» አይበቃም። ሕፃን አባቱን ካየ ይሮጣል፣ ሞተሩ ሲጮህ ደግሞ አባትየው አይሰማም። ወደ ኋላ ከመሳባችሁ በፊት ሁልጊዜ ዞራችሁ ተመልከቱ።

የሚነዳው ማሽን ላላችሁ አንድ ነገር፤ ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ ማጨድ የለም። ለአንድ ዙርም፣ ለፎቶም ቢሆን። ልጁ የሚወድቀው ቢላዋው ወዳለበት ነው። ደግሞ አንዴ የተሳፈረ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ከኋላ ሮጦ ይመጣል።

ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ ለረጅም ጊዜ እንደ ምጣድ ይግላል። ትንንሽ እጆች እዚያ እንዳይደርሱ።

አባቴ ከደሴ ሊጠይቁን መጥተው ነው። እኛ ሥራ ስንሄድ ሳሩን ሊያጭዱ ይነሳሉ። ምን ላድርግ?

የእኔም አባት እንዲሁ ናቸው። «ቁጭ ብሎ መብላት አይሆንልኝም» ይላሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነጠላ ጫማ አድርገው ከማሽኑ ጋር ሲታገሉ አገኘኋቸው። በአጋጣሚ ገመዱን ስበው ስበው እምቢ ብሏቸዋል። ዘንጉ መያዝ እንዳለበት የነገራቸው የለም፣ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማሽኑን መደበቅ ነበር። ቅር አላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሰው ናቸው። በኋላ እሁድ ዕለት ወንበር አውጥቼላቸው አብረን ማሽኑን አየነው። ካንዴላውን ነቅዬ አጋደልኩና ቢላዋውን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ «ይሄ እኮ ጎራዴ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዘንጉ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቀለልኩ፣ እጅ የማይገባበት ቦታ ላይ በአማርኛ «እጅ አይገባም» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ፣ ሽፍን ጫማ ገዛሁላቸው። ሰው ቤት ሳይኖር እንዳያጭዱም ለመንኳቸው፣ እሺ አሉ።

ደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አይገፉ። የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ ለጎልማሳም ይከብዳል። ቅጠል መልቀም፣ ጎመን መደብ ማረም፣ ለእነሱ የሚሆን ሥራ ግቢ ውስጥ አይጠፋም።

ግቢያችን ተዳፋት ነው

የሚገፋ ከሆነ ወደ ጎን፣ ዳገቱን አቋርጣችሁ እጨዱ። ሽቅብ ከገፋችሁት ብትንሸራተቱ ማሽኑ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ቁልቁል ከገፋችሁት እናንተ ወደ ማሽኑ ትሄዳላችሁ። የሚነዳው ግን በተቃራኒው ነው፤ ወደ ጎን ከሄደ ይገለበጣል፣ ስለዚህ ሽቅብና ቁልቁል። ከ15 ዲግሪ በላይ የሆነ ዳገት ላይ ብዙ አምራቾች ራሳቸው አትጨዱ ይላሉ። እንዲህ ያለውን ቦታ በክር በሚቆርጠው ማሽን ጨርሱት ወይም ሳሩን ትታችሁ ቁጥቋጦ ትከሉበት።

ወደ ራሳችሁ አትሳቡት። የእግር ጣት ከሚጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

ቤንዚኑን የት ላስቀምጥ? እንዴት ልሙላ?

ሞተሩ ግሎ እያለ አትሙሉ። መሃል ላይ ካለቀባችሁ ማሽኑን አጥፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይብረድ። የጋለ ማርሚታ ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ይነዳል፣ ምንም ክብሪት አያስፈልገውም። ሙሌቱ ውጭ ይሁን፣ ጋራዥ ውስጥ አይሁን፣ ሲጋራም አጠገቡ አይኑር።

ማደያ ስትሄዱ ጀሪካኑን መኪና ውስጥ ወይም ኮፈን ላይ እንዳለ አትሙሉት፤ መሬት አውርዱት። ጀሪካኑ የመኪናው ውስጥ ምንጣፍ ላይ እንዳለ ከተሞላ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። ጀሪካኑም ለቤንዚን የተሠራው ቀዩ ይሁን። የውሃ ጠርሙስ ወይም የዘይት ጀሪካን አይሆንም፤ ልጅ ሊጠጣው ይችላል።

ማስቀመጫውን በሚመለከት፣ ብዙዎቻችን ቤት ጋራዡ ወይም ቤዝመንቱ ውስጥ የውሃ ማሞቂያ አለ። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ከስሩ እሳት አለው። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ እሳቱን ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከቤት ተነጥሎ የቆመ ጎጆ ካላችሁ እዚያ አድርጉት። ብዙም አትግዙ፣ ቤንዚን አንድ ወር አካባቢ ከቆየ ይበላሻል፣ ማሽኑንም ያስቸግራል።

ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ «ትንሽ ይሙቅ» ማለትም ይቅር፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ከጋራዡ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል።

የባትሪው ይሻላል?

እኔ አሁን የባትሪ ነው የምጠቀመው። ቤንዚን የለ፣ ጭስ የለ፣ የጋለ ማርሚታ የለ። ቢላዋው ግን ያው ቢላዋ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንዲያውም ሰው ይደፍረዋል፣ ልጆችም አይሸሹትም። ሥራ ስትጨርሱ ባትሪውን ወይም ቁልፉን አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ።

በገመድ የሚሠራ ካላችሁ ማራዘሚያው ለውጭ የተሠራ ይሁን፣ ሶኬቱም «ቴስት» እና «ሪሴት» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያሉት ይሁን፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ሰው ሊሄድ ሲል የሚያቋርጠው እሱ ነው። ሶኬቱ አጠገብ ጀምራችሁ እየራቃችሁ እጨዱ፣ ገመዱ ሁልጊዜ ከኋላችሁ ይሆናል። እርጥብ ሳር ላይ በጭራሽ።

ዝናቡ አላቆም ብሎ ሳሩ ቁርጭምጭሚት አለፈ። ካውንቲው ይቀጣኛል ብዬ እፈራለሁ

የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም የቨርጂኒያው ፌርፋክስም ለሳር ቁመት ያላቸው ገደብ 12 ኢንች ነው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ (ፌርፋክስ ላይ ከግማሽ ኤከር በታች ለሆነ ግቢ)። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቀን ዝናብ ቢያዘገያችሁ ጊዜ አላችሁ። በእርጥብ ሳር ላይ እግር ይሸርታል፣ መውጫው ይወተፋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ እጅ ይገባል።

ከረዘመ ማሽኑን ከፍ አድርጋችሁ አንዴ እጨዱ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት። በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትቁረጡ፣ ለሳሩም ይሻለዋል። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ምርጥ ሰዓት ነው። ሲመሽ አታጭዱ፣ ድንጋዩ አይታያችሁም።

ጆሮዬንም ልሸፍን?

አዎ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የቤንዚን ሳር ማሽን ድምፅ ከ80 እስከ 85 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) እንደሆነና ለ2 ሰዓት ያህል ከተሰማ ጆሮን ሊጎዳ እንደሚችል ይናገራል። የሰው ግቢ በማጨድ የሚተዳደሩ ወንድሞቻችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሙዚቃ የሚያሰማውን ጆሮ ላይ ሰክቶ ድምፁን ከሞተሩ በላይ ማድረግ መከላከያ አይደለም፣ ይብሳል።

አያድርገውና ቢቆርጠኝስ?

911 ደውሉ። እንግሊዝኛ ከጠፋችሁ «አምሃሪክ» በሉ፣ በስልክ አስተርጓሚ የሚያገናኙበት አሠራር አላቸው። ስልኩን አትዝጉ።

ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ወይም ፎጣ ጥብቅ አድርጋችሁ ጫኑት። ጨርቁ ቢርስም አታንሱት፣ በላዩ ሌላ ጨምሩ። ቡና ወይም ሌላ ዱቄት ቁስሉ ላይ አትነስንሱ፤ እናቶቻችን ቡና ሲያደርጉ አይተናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም፣ ሐኪሙ መልሶ እያጠበ የሚያወጣው ነው። እንጨት ወይም ብረት ተሰክቶ ከቀረ አትንቀሉት። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡ፣ ቀዶ ጥገና ሊኖር ይችላል።

ጣት ከተቆረጠ ፈልጉት። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩ፣ ከረጢቱን በረዶና ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ አድርጉት። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካው፣ ሥጋው ይሞታል። ከተጎዳው ሰው ጋር አብሮ ይሂድ።

ትንሽ ጭረት ብትሆንም አፈርና ሳር የገባበት ቁስል ነውና በደንብ ታጥባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዳችሁ ይጠይቃችኋል።